ቤብ ዛሃሪያስ፡ ከኦፕራሲዮን አልጋ ተነስታ ዋንጫ ያነሳች

ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ ወደ ሾላና መገናኛ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ የየካ ነዋሪ ሁሉ የእንግሊዝ ኤምባሲን ረጅም አጥር ያውቀዋል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በኤምባሲው ይዞታ ሥር ባለው በዚህ ሰፊ ግቢ ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ መኖሩን ግን ብዙው የኳስ አፍቃሪ ልብ ብሎት አያውቅም። አይፈረድበትም። ጎልፍ ለአዲስ አበባ ሰው ከአጥር ወዲያ ያለ፣ የዲፕሎማትና የባለገንዘብ ጨዋታ ነው። ጋዜጣ ገልጦ ስለ አርሴናልና ማንቸስተር የሚያነብ ወጣት የጎልፍ ዜና ሲያጋጥመው ዘሎት ያልፋል።

ከአጥሩ ወዲህ ያለው ስፖርት ሌላ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ከየካ ዳገቶች እስከ እንጦጦ ባሕር ዛፎች ድረስ ሯጮች ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። ከመካከላቸው ሴቶቹ ብዙ ናቸው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ ደግሞ በ1996 አትላንታ ላይ በማራቶን ወርቅ ካጠለቁ ወዲህ ሴት ልጅ በስፖርት ቤተሰብ ስታስተዳድር ማየት ለዚህ ከተማ ሰው ብርቅ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬዋ ባለታሪክ ከእነዚህ ሁሉ በፊት የኖረች፣ ከአጥሩ ወዲህ ተነስታ ወዲያ የተሻገረች ሴት ናት። በአትሌቲክስ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ከዚያ ሩጫውን ትታ ዱላ በመጨበጥ የሴቶችን ፕሮፌሽናል ጎልፍ ከመሠረቱት አንዷ ሆናለች። ከሁሉም በላይ ግን ስሟን ያስጠራው በ1954 የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ሻምፒዮና ላይ ያደረገችው ነው። ይህን ዋንጫ ስታነሳ ካንሰር ይዟት፣ ሆዷ ተከፍቶ፣ ሐኪሞች ከእንግዲህ ትልቅ ውድድር አይታሰብም ካሏት ገና አንድ ዓመት ከሦስት ወር መሆኑ ነበር።

የአናጢው ልጅ

ሚልድሬድ ኤላ ዲድሪክሰን ጁን 26 ቀን 1911 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ፖርት አርተር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ከኖርዌይ የፈለሱ ስደተኞች ሲሆኑ፣ እሷ ከሰባት ልጆች ስድስተኛዋ ነበረች። ገና ሕፃን ሳለች ቤተሰቡ ቦሞንት ወደተባለች ጎረቤት ከተማ ተዛወረ። አባቷ አናጢ ነበር። ቤቱ ሀብት ባይኖረውም የአናጢ እጅ ነበረውና በግቢው ውስጥ ለልጆቹ የስፖርት መሥሪያ ሠራላቸው። የክብደት ማንሻው ሳይቀር በመጥረጊያ እንጨት ጫፍና ጫፍ ካውያ ታስሮበት የተዘጋጀ ነበር።

ልጅቷ ወደ ሱቅ ስትላክ በመንገዱ አትሄድም፤ የጎረቤቶቿን የቁጥቋጦ አጥር እየዘለለች ትሮጣለች። ከሌሎቹ ከፍ ያለውን አንዱን አጥር ባለቤቱ እንዲከረክምላት እስከመለመን ደርሳለች። መሰናክል ዝላይን የተማረችው እንዲህ ነው፤ አሠልጣኝ አልነበራት፣ ስታዲየም አላየች። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ የድንች ጆንያ ትሰፋ ነበር፤ ክፍያው ለአንድ ጆንያ አንድ ሳንቲም ነው። ያገኘችውን ለእናቷ ትሰጣለች።

ቤብ የሚለውን ስም ያገኘችው ከሰፈር ልጆች ጋር ቤዝቦል ስትጫወት መሆኑን ራሷ ትናገር ነበር። ኳሱን አርቃ በመምታቷ በዘመኑ የቤዝቦል ንጉሥ በነበረው በቤብ ሩት ስም ጠሯት። እናቷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በተመሳሳይ የቁልምጫ ስም ትጠራት እንደነበር የሚናገሩ አሉ። ቤብ ታሪኳን ማሳመር፣ ዕድሜዋንም ቀነስ ማድረግ የምትወድ ሰው ስለነበረች በእንዲህ ያለው ነገር ብዙም አይፈረድም።

ብቻዋን ቡድን የሆነች

በ1930 መጀመሪያ ላይ በዳላስ ከተማ ያለ አንድ የመድን ድርጅት በቦሞንት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ስትጫወት አይቷት ወሰዳት። የሥራ መደቧ ጸሐፊነት ነው፤ ደመወዟ በወር 75 ዶላር። እውነተኛ ሥራዋ ግን ለድርጅቱ የሴቶች ቡድን መጫወት ነበር። ይህ አሠራር ለአዲስ አበባ የኳስ አፍቃሪ እንግዳ አይደለም። መድን፣ ንግድ ባንክ፣ መብራት ኃይል ሲባል ያደገ ሁሉ ተጫዋች በመሥሪያ ቤት ስም ደመወዝ እየበላ ሜዳ ላይ እንደሚውል ያውቃል። ቤብም በዚሁ መንገድ በ1931 ቡድኗን የአገሪቱ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን አደረገች።

ድርጅቱ ወደ አትሌቲክስ ሲያዞራት ግን ጉድ ተባለ። ጁላይ 16 ቀን 1932 በኢሊኖይ ግዛት ኢቫንስተን የአሜሪካ የሴቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮናና የኦሊምፒክ ማጣሪያ ተካሄደ። ሌሎች ክለቦች ሃያም ሃያ ሁለትም አትሌት ይዘው መጡ። የዳላሱ የመድን ድርጅት ያሰለፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷን። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው እየሮጠች በስምንት ውድድሮች ተሳተፈች። ከስምንቱ አምስቱን አሸነፈች፤ በከፍታ ዝላይ ደግሞ ከጂን ሺሊ ጋር አንደኛነቱን ተጋራች።

የቡድን ነጥብ ሲደመር ቤብ ብቻዋን 30 ነጥብ አገኘች። ሁለተኛ የወጣው የኢሊኖይ የሴቶች ክለብ 22 አትሌቶች አሰልፎ ያገኘው 22 ነጥብ ነበር። በእግር ኳስ ቋንቋ ቢነገር አንድ ተጫዋች ብቻውን ገብቶ የሊጉን ዋንጫ ይዞ እንደመውጣት ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም.

የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሴቶች በኦሊምፒክ አትሌቲክስ የተፈቀደላቸው ስድስት ውድድሮች ብቻ ሲሆኑ፣ አንዲት ሴት በግሏ የምትሮጠው ረጅሙ ርቀት 100 ሜትር ነበር። በ1928 አምስተርዳም ላይ የተሞከረው 800 ሜትር ለሴት ይከብዳል ተብሎ ተሰርዞ እስከ 1960 ሮም ድረስ አልተመለሰም። የእንጦጦን ዳገት የሚወጡትን ሴቶች ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፤ ያኔ ግን ሕጉ ይኸው ነበር። ቤብም ከሦስት ውድድር በላይ እንዳትሳተፍ ተከለከለች።

በሦስቱም ሜዳሊያ ወሰደች። በጦር ውርወራ ከ43 ሜትር በላይ ወርውራ ወርቅ አገኘች። በ80 ሜትር መሰናክል በ11.7 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ሁለተኛውን ወርቅ ጨመረች፤ ተከትላት የገባችው ኤቭሊን ሆል የተመዘገበላት ሰዓትም ያው 11.7 መሆኑ የውድድሩን ጥበት ያሳያል። ሦስተኛው የከፍታ ዝላይ ሲሆን፣ እንደ ማጣሪያው ሁሉ ከጂን ሺሊ ጋር አንድ ዓይነት ከፍታ ዘለሉ። በመለያው ዝላይ ዳኞቹ የቤብ ጭንቅላት ከአካሏ ቀድሞ አግዳሚውን አልፏል፣ ይህም ከደንብ ውጪ ነው ብለው ወርቁን ለሺሊ ሰጡ። ቀኑን ሙሉ በዚያው አዘላለል ስትዘልል ዝም ብለው መጨረሻ ላይ መከልከላቸው ያኔም በኋላም አነጋግሯል።

ይህ የከፍታ ዝላይ ፍጻሜ የተካሄደው ኦገስት 7 ቀን 1932 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም የሚገባበት ዕለት መሆኑ ነው። በዚያው ቀን ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ልጁ አበበ ቢቂላ ነው። የሁለቱ ሕይወት በአንድ ቀን ከመገናኘቱ በቀር ቤብ ስለ አበበ ሰምታ አታውቅም፤ እሱ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ እሷ ካለፈች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ሁለቱ ግን ከዚያ በኋላ በሌላ፣ ከበድ ባለ ነገርም ይመሳሰላሉ።

ወርቅ ይዞ ሥራ መፈለግ

ከኦሊምፒክ የተመለሰችው ቤብ በአሜሪካ ከተሞች በሰልፍ ተቀበሏት። ሰልፉ ሲያልቅ ግን ኪሷ ባዶ ነበር። ዘመኑ የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ሥራ የጠፋበት ነው። የዚያን ጊዜ አትሌት አማተር ስለሆነ በስሙ ገንዘብ ማግኘት አይፈቀድለትም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፎቶዋና ስሟ በመኪና ማስታወቂያ ላይ ወጣ ተብሎ የአማተር ስፖርት ማኅበሩ አገዳት። እገዳው ቢነሳላትም ነገሩ አንገሽግሿት ወደ ፕሮፌሽናልነት ገባች።

በዘመኑ ለሴት የሚሆን ፕሮፌሽናል ስፖርት ስላልነበረ የተገኘውን ሁሉ ሠራች። ቺካጎ ቴአትር መድረክ ላይ ወጥታ ሃርሞኒካ ነፋች፤ በስሟ የተቋቋመ የቅርጫት ኳስ ቡድን ይዛ ከከተማ ከተማ ዞረች፤ ጢማቸውን ካሳደጉ ወንዶች የቤዝቦል ቡድን ጋር ለትርኢት ተጫወተች። ከምታገኘው ለወላጆቿ ትልክ ነበር። ጋዜጦች ግን አልማሯትም። ፀጉሯ አጭር፣ ክንዷ ጠንካራ፣ ንግግሯ ግልጽ ስለሆነ ሴትነቷን እስከመጠራጠር የደረሱ ጸሐፊዎች ነበሩ። ሴት ልጅ ከስፖርት ሜዳ ይልቅ ቤቷ ብትቀመጥ ይሻላል ብሎ የጻፈም አልጠፋም። ይህ ነገር እንደጎዳት ቅርብ የነበሩ ሰዎች ኋላ ተናግረዋል።

ሺህ ኳስ በቀን

ጎልፍን አጥብቃ የያዘችው በ1933 ነው። ቀላል አልነበረም። ጎልፍ የሀብታም ክለቦች ጨዋታ ነው፤ የጆንያ ሰፊዋ የአናጢ ልጅ እዚያ ስትገባ ዓይን በዛባት። እሷ ግን ሥራዋን ያዘች። በቀን እስከ ሺህ ኳስ ትመታ እንደነበር፣ እጇ ቆስሎ ሲደማ በፕላስተር አስራ ትቀጥል እንደነበር ይነገራል። በ1935 የቴክሳስን የሴቶች አማተር ሻምፒዮና ስትወስድ የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በሌላ ስፖርት ገንዘብ አግኝታለች በሚል ከአማተር ውድድር አገዳት። አሁንም ወደ ትርኢት ተመለሰች። ከታዋቂው ጂን ሳራዘን ጋር አገር ላገር እየዞረች ኳስ መታች።

በጃንዋሪ 1938 በሎስ አንጀለስ ኦፕን፣ በወንዶቹ ውድድር ላይ ተመዝግባ ተጫወተች። ወደ ቀጣዩ ዙር አላለፈችም፤ ነገር ግን ያገኘችው ሌላ ነገር ነበር። አብሯት የተመደበው ጆርጅ ዛሃሪያስ የተባለ የግሪክ ዘር ያለው ግዙፍ የነጻ ትግል ተጋጣሚ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተጋቡ። ጆርጅ በኋላ ትግሉን ትቶ የሚስቱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ገቢ ስለነበረው እሷ ለዓመታት ከገንዘብ ውድድር ርቃ የአማተርነት መብቷን በ1943 አስመለሰች።

ከዚያ ማን ይያዛት! በ1946 የአሜሪካን የሴቶች አማተር ሻምፒዮና ወሰደች። በ1947 ስኮትላንድ ውስጥ ጉለን ላይ የብሪታኒያን የሴቶች አማተር ሻምፒዮና አሸንፋ ይህን ዋንጫ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ፕሮፌሽናል ሆነች።

አስራ ሦስቱ መሥራቾች

ጎልፍን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ተጫዋች ኳሷን በዱላ እየመታች በተራ 18 ጉድጓዶች ውስጥ ታስገባለች፤ በትንሽ ምት የጨረሰች ታሸንፋለች። በትልቅ ሻምፒዮና 18ቱ ጉድጓዶች አራት ጊዜ ይዞራሉና በድምሩ 72 ይሆናሉ። አንዱ ዙር ከስድስት ኪሎ ሜትር ያላነሰ የእግር መንገድ አለው። ከውድድሮች ሁሉ ጥቂቶቹ ሜጀር ይባላሉ፤ የክለብ ዋንጫ ሁሉ ቢበዛ የቻምፒየንስ ሊጉ እንደሚለይ ማለት ነው። ለሴቶች ከሜጀሮቹ ቁንጮው የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ነው። የተጀመረው በ1946 ሲሆን የመጀመሪያዋ አሸናፊ ፓቲ በርግ ነበረች።

ቤብ ይህን ዋንጫ በ1948 አትላንቲክ ሲቲ ላይ በ8 ምት ልዩነት ወሰደች። በ1950 ዊቺታ ላይ በ9 ምት ልዩነት ደገመችው። በዚያው በ1950 የዘመኑን ሦስት ሜጀሮች በሙሉ ጠራርጋ ወስዳለች። ዓመቱ ሲያልቅ የአሜሪካ የዜና ወኪል የሆነው አሶሽየትድ ፕሬስ የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ታላቅ ሴት ስፖርተኛ ብሎ መረጣት።

ያ ዓመት በሌላም ይታወሳል። ቤብ፣ ፓቲ በርግና ሉዊዝ ሰግስ ከሌሎች ጋር ሆነው በድምሩ 13 ሴቶች የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበርን፣ ኤልፒጂኤን፣ አቋቋሙ። ሴቶቹ ራሳቸው መኪና እየነዱ ከውድድር ወደ ውድድር ይጓዙ፣ ሜዳውን ራሳቸው ያዘጋጁ፣ ሕጉን ራሳቸው ያስከብሩ ነበር። ተመልካች የሚመጣው ግን በአብዛኛው ቤብን ለማየት ነው። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ከውድድር በፊት መልበሻ ክፍል ገብታ ዛሬ ሁለተኛ የምትወጣው ማን እንደሆነች ተፎካካሪዎቿን ትጠይቅ እንደነበር የታወቀ ነው። ይህ ጉራዋ ያበሳጫቸው፣ ሜዳው ሁሉ ለሷ ብቻ የተሠራ ይመስላታል ያሉ የሙያ ጓደኞች ነበሯት። ያም ሆኖ የሁሉም እንጀራ በሷ ስም ላይ የተመሠረተ መሆኑን የሚክድ አልነበረም።

በስሙ የተጠራ በሽታ

በኤፕሪል 1953 መጀመሪያ ላይ ቤብ ባደገችበት በቦሞንት በራሷ ስም የተሰየመ ውድድር አሸነፈች። ድካም ከያዛት ሰነባብቶ ነበር። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የታችኛው አንጀቷ ላይ ካንሰር እንዳለ ተነገራት። ኤፕሪል 17 ቀን፣ በኢትዮጵያ ሚያዝያ 9 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ኦፕራሲዮን ተደረገች። የታመመው የአንጀቷ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሰገራዋ የሚወጣው በሆዷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ሆነ። ዕድሜዋ 41 ነበር። ሐኪሞቹ ለትልቅ ውድድር እንደማትመለስ ገመቱ።

እሷ ያልተነገራትም ነገር ነበር። ሐኪሞቹ ሆዷን ሲከፍቱ በሽታው ወደ ንፍፊቶቿ መዛመቱን አይተዋል። ይህን ለባሏ ለጆርጅና ለወጣቷ የጎልፍ ተጫዋች ጓደኛዋ ለቤቲ ዶድ ሲነግሯቸው ከቤብ እንዲሰወር ተደረገ። ቤቲ ከዚያ በኋላ አብራት እየኖረች ያስታመመቻት ናት። ታማሚው እንዳይደነግጥ ተብሎ እውነቱን ለዘመድ ብቻ ሹክ ማለት በአዲስ አበባም ቤት ያፈራው ልማድ ነውና አንባቢ አይደንቀው ይሆናል።

የሚደንቀው የሷ አኳኋን ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካም ውስጥ ካንሰር የሚለው ቃል በአደባባይ አይጠራም። የሞተ ሰው ዜና ሲጻፍ እንኳን ረጅም ሕመም እየተባለ ይታለፋል። እዚህም ቢሆን ያ ክፉ በሽታ ተብሎ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል፤ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙዎች የደረሱት በሽታው ከጠና በኋላ ነው። ቤብ ግን በሽታዋን በስሙ ጠራችው። ጋዜጠኞች አልጋዋ አጠገብ ሲመጡ አልደበቀችም። የጎልፍ ዱላዎቿን ሆስፒታል ክፍሏ ውስጥ አስቀምጣ እያየቻቸው ሰነበተች። ከመላ አገሪቱ ደብዳቤ ጎረፈላት፤ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ራሳቸው ታማሚዎች ወይም ኦፕራሲዮኑን የፈሩ ሰዎች ነበሩ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አሥራ አምስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ቺካጎ ላይ ለውድድር ቀረበች። ጉልበቷ አልተመለሰም፤ ዙሩ መካከል ኳሱ እምቢ ሲላት አለቀሰች። ባሏና ቤቲ ይብቃሽ ቢሏትም አሻፈረኝ ብላ እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ዋንጫ አላገኘችም። በፌብሯሪ 1954 ግን ማያሚ ቢች ላይ የሰርቢን ኦፕንን አሸነፈች። በዚያው ሰሞን ከፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጋር ኋይት ሐውስ ውስጥ ሆና የዓመቱን የፀረ ካንሰር ዘመቻ አስጀመረች።

የ1954ቱ ኦፕን

የ1954ቱ የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፒቦዲ በምትባል ከተማ በሚገኘው የሳሌም ክለብ ሜዳ ተካሄደ። ሐሙስ 18፣ ዓርብ 18 ጉድጓድ ከተጫወቱ በኋላ የቀረው 36 በአንድ ቀን፣ ቅዳሜ ይጠናቀቃል። ጤነኛን የሚያደክም ነው። ከአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ ገባ መሬት በሐምሌ ሙቀት በእግር መጓዝ፣ በየመካከሉም ትኩረት ሳይዛነፍ መምታት ይጠይቃል። ሆዷ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ይዛ፣ ለእሱ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ እያደረገች የምትጫወት የ43 ዓመት ሴት ይህን ትችለዋለች ብሎ የገመተ ብዙ አልነበረም።

ቤብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መራች። ቅዳሜ ጠዋትም ልዩነቱን አሰፋች። ከሰዓት በኋላ ድካሙ ታየባት፤ ያኔ ግን የሚደርስባት አልነበረም። 72ቱን ጉድጓዶች በ291 ምት ጨረሰች። ሁለተኛ የወጣችው ቤቲ ሂክስ 303 ነበረች። ልዩነቱ 12 ምት መሆኑ ነው። በእግር ኳስ ከታሰበ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስድስት ለዜሮ እንደማሸነፍ ያለ ነገር ነው። በውድድሩ ታሪክ ከዚህ የሚበልጠው ሉዊዝ ሰግስ በ1949 ቤብን ራሷን አስከትላ ያገኘችው የ14 ምት ልዩነት ብቻ ነው።

ሽልማቱ 2 ሺህ ዶላር ነበር። ለቤብ ግን ገንዘቡ ዋናው አልነበረም። ካሸነፈች በኋላ የተናገረችው ስለ ጨዋታው ሳይሆን ኦፕራሲዮን ስለሚፈሩ ሰዎች ነው፤ እንዲህ ያለ ሕክምና አድርጎ ወደ ቀድሞ ኑሮ መመለስ እንደሚቻል ይህ ድል ያሳያቸዋል አለች። በዚያ ዓመት በድምሩ አምስት ውድድር አሸነፈች። አሶሽየትድ ፕሬስም ለስድስተኛ ጊዜ የዓመቱ ሴት ስፖርተኛ አድርጎ መረጣት፤ የመጀመሪያው ምርጫ በ1932፣ የመጨረሻው በ1954 መሆኑ በራሱ ብዙ ይናገራል።

የአበበ ቢቂላ ነገር የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ቤብ ከፍታ በዘለለችበት ቀን የተወለደው ልጅ በ1964 ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሲሽመደመዱ ስፖርትን አልተወም። በሕክምና በቆየበት እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ውድድር በቀስት ተወዳደረ፤ በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። የቤብ ወላጆች አገር መሆኑ ነው። ሁለቱም አካላቸው ሲከዳቸው ከሰው ዓይን አልተሰወሩም፤ ሰው በተሰበሰበበት ወጥተው ተወዳደሩ።

የመስቀል ዕለት

በ1955 ቤብ ሁለት ውድድሮች ካሸነፈች በኋላ ወገቧን አመማት። መጀመሪያ የጀርባ አጥንት ችግር ነው ተብሎ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሕመሙ ግን አልለቀቃት አለ፤ እንደገና ሲመረመር ካንሰሩ መመለሱ ታወቀ። በዚያው ዓመት የሕይወት ታሪኳን የያዘው መጽሐፍ ታተመ፤ በስሟም ለካንሰር ሕክምና ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት ተቋቋመ። የመጨረሻዎቹን ወራት ጋልቬስተን በሚገኘው ሆስፒታል ስታሳልፍ አሁንም የጎልፍ ዱላዎቿ ከክፍሏ አልወጡም።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1956 አረፈች። 45 ዓመቷ ነበር። በኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የዕለቱን ጋዜጣዊ መግለጫ የጀመሩት እሷን በማሰብ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተሳተፈች፤ በቡድኑ ውስጥ ግን ሴት አልነበረችም።

ቤብ የተቀበረችው ጆንያ እየሰፋች ባደገችበት በቦሞንት ነው። በከተማዋ በስሟ ሙዚየም አለ። ከሞተች ከ64 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2021፣ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛውን የነጻነት ሜዳሊያ ሸልሟታል። በስሟ የተመዘገቡት 10 ሜጀሮችና 41 የኤልፒጂኤ ድሎች ናቸው። እሷ በ2 ሺህ ዶላር ያሸነፈችው ኦፕን በ2024 አጠቃላይ ሽልማቱ 12 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ፣ ጃፓናዊቷ ዩካ ሳሶ ለብቻዋ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ወስዳለች።

ገንዘቡ አድጓል፤ ክብረ ወሰኖቹም ተሻሽለዋል። በ1954 ሐምሌ ሙቀት የተጫወተችው 36 ጉድጓድ ግን ከቁጥሩ በላይ ነው የሚታወሰው። ያን ቅዳሜ በሜዳው ዳር ቆመው ካዩዋት መካከል፣ በኋላም በጋዜጣ ካነበቡት መካከል፣ ቤታቸው ተቀምጠው ሕመማቸውን የደበቁ ነበሩ። ለእነሱ ቤብ ያሸነፈችው ቤቲ ሂክስን ብቻ አልነበረም።